የፌበን እግር ድምፅ

ፒያኖው ፈረንሳይ ለጋሲዮን የደረሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በአይሱዙ ተጭኖ ነው። መኪናው ዳገቱ ላይ አቅም ሲያንሰው የጸሎት ቤቱ ወጣቶች ከኋላ እየገፉ፣ እናቶች ከጎን እየጸለዩ ግቢ አስገቡት። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት እህት ቤተ ክርስቲያን የላከችው ስጦታ ነበር። ካርቶኑ ሲቀደድ ባለ ሦስት ፔዳል፣ ጥቁር፣ እንደ አዲስ ቁም ሣጥን የሚያብረቀርቅ ነገር ብቅ አለ። የቆርቆሮው ግድግዳ፣ የፕላስቲኩ ወንበር፣ የመስኮቱ መጋረጃ ሁሉ ከጎኑ ድንገት ያረጁ መሰሉ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጉተማ በመዳፋቸው ዳበሱትና «እውነተኛ ፒያኖ» አሉ።

«ዲጂታል ነው ጋሼ» አለ ሲሞን። ሲሞን በሥራ ቀን መገናኛ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የጸሎት ቤቱን ሚክሰርና ስፒከር ይቆጣጠራል።

«ዲጂታል ቢሆንስ? ውሸት ነው ልትለኝ ነው?»

«በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው ለማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል።»

«እኛስ መብራት ሲጠፋ ዝም አይደል የምንለው» አሉ እትዬ ዲንቄ ከኋላ ሆነው። ሰው ሳቀ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ከተሰበሰበው ሰው መካከል እውነተኛ ፒያኖ በቅርብ ሰምቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ጋሽ ጉተማ ብቻ በወጣትነታቸው በአንድ ትልቅ ሆቴል አጠገብ ሲያልፉ በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ ይሉ ነበር። በዚህም ምክንያት ከዚያ ቀን ጀምሮ የፒያኖ ነገር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ሆነ። የመጀመሪያ መመሪያቸውም ከማብሪያና ማጥፊያው በቀር ማንም ሰው በላዩ ላይ ያለ ቁልፍ እንዳይነካ የሚል ነበር። ይህን ያሉት ያለ ነገር አልነበረም፤ በባሮክ ምክንያት ነው።

ባሮክ የድሮዋን ትንሽ ኪቦርድ ይጫወት የነበረ ልጅ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲነቀንቅ እናቶችን ያስለቅሳል። በአንድ የትንሣኤ በዓል ግን በመዝሙሩ መሀል ማስነጠስ መጣበት። ሁለቱንም እጁን አንስቶ በመሐረብ አፍንጫውን ጠረገ። ሙዚቃው ቀጠለ። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ዜማው፣ አንዱም አልቀረም። ባሮክ ተረጋግቶ መሐረቡን አጥፎ ኪሱ ከትቶ እጁን እስኪመልስ ድረስ አዳራሹ ውስጥ የሚዘምር ሰው አልተረፈም፤ ኪቦርዱ ብቻውን መዝሙሩን ጨረሰ። ለካ ልጁ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ዝም ብሎ ጣቱን ሲያወዛውዝ ነው የከረመው። ከዚያ ወዲህ ምእመኑ ሙዚቃን በጆሮ ብቻ መስማት ትቶ በዓይኑም ይጠብቅ ጀመር።

እንግዲህ አዲሱ ፒያኖ ፊት የተቀመጠችው ፌበን ናት። ፌበን የዘውድነሽ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነው። ዘውድነሽ አስፋልቱ ዳር ጉልት ዘርግታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ቀበሌው ውስጥ ባለው የጎልማሶች ትምህርት ፊደልና ቁጥር ትማራለች። ልጇን ፒያኖው ፊት ያየች ቀን ደስታዋ ከስጋቷ አልተለየላትም። ደስ ሲላት መፍራት ልማዷ ነው።

የምትፈራበት ምክንያት ነበራት። የፌበን ታላቅ ወንድም ምንያህል በዚሁ ጸሎት ቤት ዘማሪ ነበር። ጋሽ ጉተማ በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ግምገማ እንደ ምሳ ሰዓት የማይቀር ነገር ነው። ሂስና ግለ ሂሱን ከዚያ ለምደው ወደ ጸሎት ቤቱ አመጡት፤ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት ስለሚያልቅ ግን ከቢሮው ይልቅ የሚከብደው የጸሎት ቤቱ ነው። ምንያህልን በጸጉሩና ከልምምድ በመቅረቱ ገመገሙት። ልጁ «እሺ» ብሎ ወጣ፣ በዚያው አልተመለሰም። አሁን ከጓደኞቹ ጋር ኮተቤ ተከራይቶ ይኖራል። እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ስለ ጸሎት ቤት ከተነሳ ሰዓቱን ያያል። ዘውድነሽ ፌበንንም በዚሁ መንገድ እንዳትሸኛት ነው ስጋቷ። ልጅቷን በዚያ አዳራሽ የያዛት ያ ፒያኖ ብቻ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የመጀመሪያው እሁድ ዝማሬ በሰላም አለፈ። ጭንቁ የመጣው በጸሎቱ ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ፌበን ከስር ለስለስ ያለ ዜማ ታሰማለች፤ ሲሞንም እንዲሰማ ብሎ ስፒከሩን ከፍ ያደርገዋል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ «ዱፍ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ «ሲጥ» አለ። ደግሞ «ዱፍ»። አንድ ሰው በድብቅ አሮጌ ሣጥን እየከፈተ የሚዘጋ ይመስል ነበር። ልጅቷ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ድምፁ ከሁለቱ ትላልቅ ስፒከሮች ይወጣል። ከፊት ረድፍ አንድ ሁለት ሰው ዓይኑን ገለጠ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጋሽ ጉተማ ዘውድነሽን በር ላይ ጠበቋት።

«እህት ዘውድነሽ፣ ልጅሽ ጸጋ አላት።»

«ጌታ ይመስገን ጋሼ።»

«ግን እግሯ ከባድ ነው።»

«እግሯ?»

«ትረግጠዋለች። ስጦታ እኮ ነው፤ ስጦታ ይረገጣል?»

«ፔዳል የሚረገጥ መስሎኝ…»

«ይረገጣል። አረጋገጥ አለው እንጂ።»

ዘውድነሽ በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ እንኳ ፌበንን በእግሯ ጣት አስኬደቻት። «ቀስ በይ፣ ዝግ በይ፣ ወለሉ ይሰማል» ስትላት ከረመች፤ ወለሉ ጭቃ ነው። በሁለተኛው እሁድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ አስጠለቀቻት። ፌበን ምእመኑ ሁሉ እያያት ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ሙሴ ሆና ነው?» አሉ እትዬ ዲንቄ አጠገባቸው ላለችው ሴት።

በጸሎቱ ሰዓት «ዱፍ… ሲጥ» እንደ ወትሮው ተሰማ። ካልሲው ምንም ያመጣው ለውጥ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዘውድነሽ አዳራሹን የማጽዳት ተራ ነበራት። ብቻዋን ስትሆን ጎንበስ ብላ ፔዳሎቹን አየቻቸው። ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ቅባት እንደሚፈልግ በሯ አስተምሯታል። ቦርሳዋ ውስጥ ቫዝሊን ነበራት፤ ሦስቱንም አዳርሳ ቀባቻቸው፤ ለጌታ ነው ብላ አልሰሰተችም። በማግስቱ በጸሎቱ መሀል የፌበን እግር ከነካልሲው አዳልጦት ወለሉን መታ፣ ጉልበቷም ፒያኖውን ከስር ገጨው። ያን ዕለት የተሰማው ድምፅ ከስፒከር የመጣ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ስለ ፔዳሉ ጉዳይ ሊጸልዩ እንጦጦ ጫካ ወጡ። ከባሕር ዛፉ ሲወርዱ ውሳኔ ይዘው ነበር፤ ነገሩ በቶሎ ካልተስተካከለ ባሮክ ግለ ሂሱን በሚገባ ስላደረገ ወደ ቦታው ይመለሳል ተባለ። ጋሽ ጉተማ ይህን ሲያስታውቁ ፌበን ጣራውን አየች። ዘውድነሽ ደግሞ ፌበንን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቶች በጎን ክፍል ስለሚጸልዩ ፌበን በጆሮ ማዳመጫ ትለማመድ ነበር። ዘውድነሽ ወንበር ስትወለውል ልጅቷ ድንገት መጫወቷን አቆመች። እግሯን ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ታደርጋለች።

«እማ፣ ነይ እስቲ።»

«ሰበርሽው?»

«ነይ ብቻ።» ማዳመጫውን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችና ፔዳሉን ረገጠች። «ዱፍ… ሲጥ» አለ፤ ልክ ዘውድነሽ ጭንቅላት ውስጥ የሆነ ያህል። ፌበን ማዳመጫውን አወለቀችላት፣ እንደገና ረገጠች። ምንም የለም። ፔዳሉ እንደ ድመት እግር ጸጥ ብሎ ወረደ፣ ጸጥ ብሎ ወጣ።

«ከውስጥ ነው የሚመጣው?» አለች ዘውድነሽ።

«ከውስጥ ነው። የተቀዳ ድምፅ ነው። ትናንት ሲሞን ሱቅ ኢንተርኔት ላይ አየነው።»

«ማነው የቀዳው?»

«የሠሩት ሰዎች።»

«ብልሽቱን ቀዱት?»

«ብልሽት አይደለም እማ። የእውነቱ ፒያኖ ውስጡ እንጨትና ጨርቅ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደዚህ ይላል። ይሄኛው ውስጡ ምንም የለም። የእውነት እንዲመስል ብለው ጨመሩበት።»

ዘውድነሽ ጨርቋን እንደያዘች ቆማ አሰበች። «እንግዲህ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሠርቶ ጭስ እንደ መጨመር ነው በይኛ።»

«እንደዛ ነው።»

«ጤና አላቸው?»

«ዋናውን የሚያውቁ ሰዎች ካልሰሙት ቅር ይላቸዋል።»

«እኛ ዋናውን አናውቅ። ቅር አይለን። አውጪልን።»

ፌበን ዙሪያዋን አየችና ቁልፍ ነካች። የፒያኖው ትንሿ ስክሪን በራች። በላይዋ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ፊደል ዘውድነሽ አላወቀችውም፤ በስተቀኝ ያለውን ቁጥር ግን አወቀችው። አምስት ነው። ፌበን ስትነካው አራት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ እየወረደ ሄዶ ዜሮ ላይ ቆመ። ማዳመጫውን መልሳ ስታደርገው በእርግጥም የፔዳሉ ድምፅ የለም።

«ለጋሽ ጉተማ ልንገራቸው?» አለች ፌበን።

ዘውድነሽ ደነገጠች። «ምን ብለሽ? ቁልፍ ነካሁ ብለሽ? ባሮክን ያስባረረው ምን ሆነና ነው? ዝም በይ፤ ነገ ራሳቸው ይሰሙታል፣ ደስ ይላቸዋል፣ አለቀ።»

እሁድ የፒያኖው ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ወጣ። በጸሎቱ ሰዓት ዘውድነሽ «ዱፍ»ን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ እንደማይመጣ ስትረዳ እንባዋ መጣ። ያን ያህል ያማረ ነገር ከልጇ እጅ ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። ነገር ግን አጠገቧ ያሉት ሰዎችም እንዲሁ አላሰቡም ነበር፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

«ቆንጆ ነበር» አሉ እትዬ ዲንቄ ሰው ሲወጣ፣ «በጣም ቆንጆ ነበር»፤ ሰነፍ ተማሪ መቶ ከመቶ ሲያመጣ በሚባልበት አነጋገር።

ጋሽ ጉተማ ግን ፌበን ከእናቷ ጋር ሆና እንድትቆይ ብቻ ነገሯት።

አዳራሹ ሲራገፍ ሽማግሌዎቹ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ተቀመጡ። እትዬ ዲንቄ የሴቶች ተወካይ ስለሆኑ እሳቸውም ቀሩ። ጸሎት ተደረገ። ከዚያ ጋሽ ጉተማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኛ ከመናገራችን በፊት አንቺ ግለ ሂስ ብታደርጊ ለራስሽ ነው የሚቀልሽ።»

«በምን ላይ ጋሼ?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«አላውቀውም።»

«ዛሬ የተጫወትሽው አንቺ አይደለሽም።»

ፌበን ሳቅ ያመልጣት ይመስል ከንፈሯን ነከሰች። «እና ማነው?»

«ማሽኑ ነዋ። እትዬ ዲንቄ ፊት ለፊት ሆነው ሲያዩሽ ነበር።»

«አይቻለሁ» አሉ እትዬ ዲንቄ። «እግሯ ይወጣል ይወርዳል። ድምፅ ግን የለውም። እስከ ዛሬ የሚሰማ እግር ዛሬ ምን ዋጠው?»

«ለዚያውም» አሉ ጋሽ ጉተማ፣ «እውነተኛ ፒያኖ የእግር ድምፅ አለው። እኔ በአጥሩ በኩል ሰምቼዋለሁ።»

ሦስት እሁድ ሙሉ በዚያው ድምፅ ሲያማርሩ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን የሚያነሳ ሰው አልተገኘም። ፌበን ወደ እናቷ ዞረች። እንድናገር ፍቀጂልኝ የሚል ዓይን ነበር። ዘውድነሽ የተነካችውን ቁልፍ አሰበች፣ ባሮክን አሰበች፣ ራሷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ተዪ ማለቷ ነው። ፌበን ለረዥም ጊዜ አየቻትና ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰች።

«ዛሬ ቀስ ብዬ ስለረገጥኩ ነው» አለች።

ዘውድነሽ ልጇ ስትዋሽ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያዋሸቻትም ራሷ ናት።

«ጥሩ» አሉ ጋሽ ጉተማ። «እንግዲያው አሁን ተጫወቺ። እጅሽን አንሺ ስል ታነሺያለሽ። ማሽኑ ከሆነ ይቀጥላል፤ አንቺ ከሆንሽ ይቆማል።»

ፌበን ተቀመጠች። እንደ ሁልጊዜው በሁለት እጇ ተጫወተች፣ እንደ ሁልጊዜውም እግሯ ፔዳሉን ረግጦ ይዟል። «አንሺ» ሲባል ሁለቱንም እጇን ወደ ላይ አነሳች።

ድምፁ ቀጠለ።

እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ግን ቀጠለ። ሽማግሌዎቹ እጇን አዩ፣ ፒያኖውን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ጉተማ በሐዘን።

«ፔዳሉ ነው ጋሼ። ፔዳሉ እኮ ሥራው ይሄ ነው። ድምፁን ይዞ ያቆየዋል። ይኸው ይመልከቱ።» ፌበን እግሯን አነሳች። ድምፁ ወዲያው ተቆረጠ።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ ዲንቄ። «በእግሯ አጠፋችው።»

ከዚያ በኋላ ፌበን ያለችው ሁሉ ነገሩን አባሰው። ሲሞን ቢኖር ኖሮ ምናልባት ያስረዳላት ነበር፤ እሱ ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ሄዷል። ዘውድነሽ ከወንበሯ ተነስታ አንድ እሁድ ብቻ እንዲሰጧት ለመነች። ጋሽ ጉተማ ልባቸው ክፉ አይደለም፤ የእናት ልመና ሲሰሙ ይደነግጣሉ። አንድ እሁድ ተሰጠ።

ዳገቱን ሲወጡ ፌበን ከፊት ከፊት ሄደች። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ዞር ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «እማ፣ ከእንግዲህ አልሄድም» አለች።

ዘውድነሽ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ምንያህልም «እሺ» ያለው በዚሁ ድምፅ ነው። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ የተቆጣ ልጅ ይበርድለታል። ይሄኛው የጨረሰ ሰው ድምፅ ነው።

ሦስት ቀን አላነሳችባትም። ጉልቷ ላይ ተቀምጣ ድንች ስትመዝን፣ ማታ ክፍል ገብታ ፊደል ስትቆጥር፣ የምታስበው ስለዚያች ዜሮ ነበር። ረቡዕ ማታ ሽሮው እንደ ቀረበ ተናገረች።

«ፌቢ፣ አምስቱን መልሺው።»

«እግርሽ ከባድ ነው ይሉኛል።»

«እንግዲያው ትንሽ። ከአምስት ወርደሽ።»

ፌበን ጉርሻዋን መልሳ ሰሐኑ ላይ አስቀመጠች። «የእውነቴን እየተጫወትኩ፣ የእውነት እንዲመስል ውሸት ልጨምርበት?»

ዘውድነሽ ልጆቿን ስታሳድግ ያለ አባት መሆናቸውን እንኳ ሳትደብቅ፣ ውሸትን እንደ እሳት እያስፈራራች ነው ያሳደገቻቸው። ሰሐኑን አየች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«የሠሩት ፈረንጆችስ ያደረጉት ይህንኑ ነው አላልሽኝም?»

ፌበን ዝም ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ሳቀች። ሽሮው ትን ብሏት እስኪያስላት ሳቀች። ዘውድነሽ ጀርባዋን እየመታች ውኃ ሰጠቻት፤ በልቧ ግን የቀለለችው እሷ ናት።

«ግን ቁጥሩን የምትመርጪው አንቺ ነሽ» አለች ፌበን ትንፋሿ ሲመለስ። «ቢሳሳትም የአንቺ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሲሞን ስፒከሩን ከፈተላቸውና ቡና ልጠጣ ብሎ ወጣ። ዘውድነሽ ጋሽ ጉተማ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እንደ እሳቸው እግሯን አነባበረች፣ እንደ እሳቸው አገጯን በመዳፏ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ» አለች ፌበን፤ ተጫወተች።

«ምንም የለም። እሳቸው ደግሞ አንድ ጆሯቸው ይደክማል።»

«ሁለት።»

«አይጥ ያለ ይመስላል። ወንበር ስር ይፈልጋሉ።»

«አራት።»

«ኧረ ተዪው። የቤት ዕቃ እያጓጓዝሽ ነው።»

«ሦስት።»

ዘውድነሽ ጆሮዋን አቀናች። ድምፁ ነበር፣ ግን የሚያፍር ድምፅ ነበር። የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ ተጠንቅቃ የምትራመድ ሴት መሰላት።

«ይሄ ይሁን» አለች። «ይሄ ጥሩ አስተዳደግ ያላት ልጅ እግር ነው።»

እሁድ አዳራሹ ከወትሮው ቀድሞ ሞላ፤ ወሬው ደርሷል። እትዬ ዲንቄ ፔዳሉ በደንብ የሚታይበት ቦታ ይዘው ተቀምጠዋል። ባሮክ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከጎን ቆሟል፤ ለማንኛውም ብሎ። ዝማሬው አለፈ። ጸሎቱ መጣ። ሰው ዓይኑን ጨፈነ፤ ዘውድነሽ ግን መጨፈን አልቻለችም፤ ጋሽ ጉተማን በጎን ታያቸዋለች። ጸጥታው ውስጥ፣ ከዜማው ስር፣ ያ የሚያፍር «ዱፍ» ተሰማ።

ጋሽ ጉተማ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። ጠበቁ። «ሲጥ» አለ። ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑና ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። በሚቀጥለው «ዱፍ» ላይ ደግሞ ነቀነቁ። ከዚያማ እየጠበቁ ይነቀንቁ ጀመር።

ጸሎቱ ሲያልቅ ተነስተው ማይክራፎኑን ያዙ።

«ወገኖች፣ ሂስ ለማፍረስ አይደለም፣ ለመገንባት ነው ስንል የከረምነው ለዚህ ነው። እህታችን ፌበን የተሰጣትን ሂስ ተቀብላለች። ዛሬ የሰማነው የሰው እጅ፣ የሰው እግር ነው። እግሯም ቀሏል። ልዩነቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል።»

እልልታው ቀለጠ። እትዬ ዲንቄ ፌበንን ሁለት ጉንጯን ሳሟትና «እኔ መጀመሪያም ጥርጣሬ አልነበረኝም» አሏት። ባሮክ ሸሚዙን አስተካክሎ ወጣ። ፌበን ጎንበስ ብላ «ጌታ ይባርክዎ ጋሼ፣ ስለ ሂሱ አመሰግናለሁ» ስትል ፊቷ ላይ የሚነበብ አንዲት ነገር አልነበረም። ዘውድነሽ ያን ፊት ስታይ ደስ ሊላት ሲል ፈራች፤ እንደ ልማዷ።

ሲመለሱ ከእንጦጦ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርድ ነበር። ዘውድነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ጥቂት ተራመደች። መጠየቁ አስፈራት፣ አለመጠየቁም።

«እና… ትቀጥያለሽ?»

«እማ፣ ጋሽ ጉተማ ሲነቀንቁ አየሻቸው?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» ብላ ዋሸች።

«መጨረሻው ላይ ምንም አልተጫወትኩም እኮ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ በእግሬ ብቻ ረገጥኩት። ሁለቴ። ‹አሜን› አሉ።»

ዘውድነሽ ቆመች። ፌበን አልቆመችም፤ እጇን ጃኬቷ ኪስ ከትታ ወደ ዳገቱ እየወጣች፣ ዘና ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ቀጠለች።

«ለጾም ጸሎቱ ሳምንት አራት አደርገዋለሁ። እንዲያውም ሳያለቅሱ አይቀሩም።»

እናት ለዚህ የምትለውን ዘውድነሽ ታውቃለች። በእግዚአብሔር ቤት አይቀለድም፣ በሽማግሌ አይሳቅም፣ አንቺን እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ፤ ቃሉ ሁሉ ተሰልፎ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ይሁንና የጾም ጸሎቱ ሳምንት ገና ወር ይቀረዋል፤ ልጅቷም እዚያ እንደምትገኝ ቀጠሮ እንደ ያዘ ሰው ነው የተናገረችው። ዘውድነሽ እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ደረሰችባት።

«አራት አይበዛም?» አለቻት።